ሳያዩ መተኮስ፦ «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ያኔ እና ኋላ

ባለፈው ክረምት ዳንግላ ውስጥ በአንድ ወንድማችን ቤት ስድስት ሆነን ሁለት ፊልሞች አየን። በመጀመሪያው ምሽት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ የተዋንያኑን ድምፅ ዋጠብን፤ በሁለተኛው ምሽት ደግሞ መብራት ጠፋና ከላፕቶፑ ባትሪ ጋር እየተሽቀዳደምን ጨረስን። የሁለቱም ፊልሞች ስም አንድ ነው፤ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ይባላሉ። በእኛ ቋንቋ «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ልንለው እንችላለን። የመጀመሪያው በ1968፣ ዳግም የተሠራው ደግሞ በ1990 ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የሰሙ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ በእሁዱ ከአምልኮ በኋላ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ሞትን ድል የነሣውን ጌታ የምታመልኩ ሆናችሁ፣ ሙት ሰው ሲበላ ማየት ምን ይጠቅማችኋል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ያን ዕለት ቆሜ አንገቴን ደፋሁ እንጂ መልስ አልሰጠኋቸውም። ጋሼ፣ መልሴ ይኸው።

የመጀመሪያውን ፊልም የሠራው ጆርጅ ሮሜሮ ነው። ያኔ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት፣ በፒትስበርግ ከተማ፣ ከጓደኞቹ ጋር ማስታወቂያ እየሠራ ነበር የሚተዳደረው። ጽሑፉን ከጆን ሩሶ ጋር ጻፈው። ጠቅላላ ወጪው 114,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ይህ ለአሜሪካ ፊልም እጅግ ትንሽ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በጥቁርና ነጭ ቀረጹት። ቦታው ኢቫንስ ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለ የገበሬ ቤት ሲሆን፣ ከተዋንያኑም አንዳንዶቹ የሥራ ባልደረቦቻቸው ነበሩ።

ዛሬ ሁላችንም ፊልሙን የዞምቢ ፊልም እንለዋለን። ሆኖም በፊልሙ ውስጥ ያ ቃል አንድም ጊዜ አይነሣም። ቃሉ የመጣው ከሄይቲ ነው። በዚያች አገር በሸንኮራ አገዳ እርሻ በባርነት የማቀቁ አፍሪካውያንና ዘሮቻቸው የሚፈሩት ዞምቢ ሰው በላ አልነበረም። ሞቶ እንኳ ዕረፍት የተከለከለ፣ ከመቃብር ወጥቶ ለሌላ ሰው የሚለፋ ምስኪን ነበር። የሮሜሮ ሙታን ግን አሳዳሪ የላቸውም። ያላቸው ረሃብ ብቻ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው መቃብር ቦታ ላይ ነው። ባርብራና ወንድሟ ጆኒ በአባታቸው መቃብር ላይ አበባ ለማኖር ረጅም መንገድ በመኪና መጥተዋል። እሷ ተንበርክካ ትጸልያለች፤ እሱ ይሰለቻል፤ ጸሎት ለቤተ ክርስቲያን ነው ይላታል። እሷም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እንዳላየችው ታነሣበታለች። እሱ መሄዱ ለእኔ ትርጉም የለውም ዓይነት መልስ ይሰጣል፤ ወሬውም እዚያው ላይ ያበቃል። ለምን ብላ አትጠይቀውም። ከደቂቃዎች በኋላ ከመቃብሮቹ መካከል የመጣ ሰው ያጠቃቸዋል፤ ጆኒ እህቱን ሊያድን ሲታገል ወድቆ ይሞታል። ይህቺን አጭር ንግግር አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ባርብራ ሸሽታ አንድ የገበሬ ቤት ትገባለች። ቤን የሚባል ሰው ይደርስባታል፤ በሮችንና መስኮቶችን በሳንቃ ይመታል። ምድር ቤት ውስጥ ደግሞ ሌሎች ተደብቀው ኖረዋል፦ ሃሪ ኩፐርና ሚስቱ ሄለን፣ የተነከሰች ልጃቸው ካረን፣ እንዲሁም ቶምና ጁዲ የተባሉ ፍቅረኛሞች። ከዚያ በኋላ የፊልሙ ዋና ጉዳይ ውጭ ያሉት ሙታን መሆናቸው ይቀራል። ቤን «ላይ ሆነን እንከላከል» ይላል፤ ኩፐር «ምድር ቤት ገብተን እንቆለፍ» ይላል። አንዱ ሌላውን አይሰማም። ቶምና ጁዲ ለመኪናው ቤንዚን ሊቀዱ ወጥተው በእሳት ይነዳሉ። ኩፐር ቤንን ውጭ ሊዘጋበት ይሞክራል፤ ቤን በመጨረሻ ኩፐርን ይተኩስበታል። ጆኒም ከሙታኑ ጋር ተመልሶ ይመጣል። ባርብራ የወንድሟን ፊት ታያለች፣ ታውቀዋለች፣ እጆቹም ጎትተው ይወስዷታል። ሌሊቱን ብቻውን የሚተርፈው ቤን ነው። የተረፈውም ኩፐር እንግባ ባለበት፣ እሱ ግን አልገባም ባለበት ምድር ቤት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ስድስታችንም ዝም አልን። ለካ ኩፐር ትክክል ነበር! ግን ሐሳቡ ትክክል የሆነውን ያህል ልቡ ክፉ ስለነበር ማንም ሊከተለው አልፈለገም። ከመካከላችን አንዷ፣ «የእኛ የኮሚቴ ስብሰባ ይመስላል» ስትል ሳቅን፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

ሲነጋ የታጠቁ ሰዎች ከሸሪፉ ጋር እየመጡ ሙታኑን አንድ በአንድ ይጥላሉ። ቤን የተኩሱንና የውሾቹን ድምፅ ሰምቶ ከምድር ቤት ይወጣል፤ በመስኮት ብቅ ይላል። ከሩቅ ያዩት ሰዎች ሰው ይሁን ሙት ሳያጣሩ ግንባሩን ይሉታል። ሸሪፉም ለእሳቱ አንድ ተጨማሪ ተገኘ ብሎ ያልፋል። ከዚያ የሚታየን የማይንቀሳቀስ የጋዜጣ ፎቶ የሚመስል ምስል ነው፦ የሥጋ መንጠቆ፣ የተጎተተ ሬሳ፣ የተከመረ እንጨት። በዚህ ያበቃል።

ቤንን የተጫወተው ዱዌን ጆንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በፊልሙ ውስጥ ስለ ቆዳው ቀለም አንድም ሰው አይናገርም። ነገር ግን ማርቲን ሉተር ኪንግ በሚያዝያ 1968 ተገደለ፤ ፊልሙ በዚያው ዓመት በጥቅምት ለሕዝብ ታየ። ሮሜሮ ኋላ እንደተናገረው፣ የኪንግን መገደል በመኪናው ሬዲዮ የሰማው የፊልሙን ቅጂ ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ሲጓዝ ነበር። ጥቁር ሰው በነጭ ታጣቂዎች እጅ ወድቆ በመንጠቆ ሲጎተት ያየ የዚያን ዘመን ተመልካች ማስረጃ አላስፈለገውም።

የ1990ውን ያዘጋጀው ቶም ሳቪኒ ነው። ሳቪኒ በመጀመሪያው ፊልም ላይ የቁስልና የደም ማስመሰያ ሥራ ሊሠራ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ለውትድርና ተጠርቶ ቬትናም ሄደ፤ እዚያም የጦር ሜዳ ፎቶ አንሺ ሆነ። የዳግሙን ፊልም ጽሑፍ ሮሜሮ ራሱ አሻሽሎ ጻፈው። ለምን ድጋሚ ተሠራ ለሚል ሰው አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ርእሱ በመጨረሻ ሰዓት ሲቀየር፣ ከርእሱ ጋር የነበረው የቅጂ መብት ማስታወቂያ አብሮ ወጣ። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ሕግ ይህ መብትን ለማጣት በቂ ነበር። በዚህም የተነሣ ማንም እያባዛ ሲሸጠው፣ የደከሙበት ሰዎች የሚገባቸውን ሳያገኙ ቀሩ።

ዳግሙ ፊልም ባለ ቀለም ነው። መቃብሩ፣ ቤቱ፣ ጠቡ ሁሉ አለ። የተለወጠችው ባርብራ ናት። በመጀመሪያው ፊልም ከወንድሟ ሞት በኋላ ደንዝዛ ሶፋ ላይ የምትቀር ነበረች። በዳግሙ በፓትሪሺያ ታልማን ስትቀርብ ከሁሉ ይልቅ የምታስተውለው እሷ ናት። ቤን (በዚህኛው ቶኒ ቶድ) እና ኩፐር በላይና በታች ሲጣሉ፣ እሷ በመስኮት ሙታኑን ትመለከትና፣ እነዚህ እኮ ቀርፋፎች ናቸው፣ አጠገባቸው አልፈን መሄድ እንችላለን ትላለች። ማንም አይሰማትም። በመጨረሻ ብቻዋን ወጥታ በመካከላቸው ታልፋለች፤ ትተርፋለችም።

ስትመለስ ታጣቂዎቹ በሙታኑ ሲጫወቱ ታያለች፤ በዛፍ ሰቅለው ዒላማ ያደርጓቸዋል፣ በአጥር ከበው ያስቋቸዋል። ያኔ እነሱ እኛ ነን፣ እኛም እነሱ ነን የሚል ቃል ከአፏ ይወጣል። ቤን በምድር ቤት ቆስሎ ሞቶ ከሙታኑ አንዱ ሆኗል፤ ይተኩሱበታል። ኩፐር ግን ጣሪያ ሥር ባለችው ክፍል ተሸሽጎ በሕይወት ተርፏል። ባርብራን ሲያይ ደስ ይለዋል። እሷ ደግሞ ሽጉጧን አንሥታ ትገድለዋለች፤ ለታጣቂዎቹም ለእሳቱ አንድ ተጨማሪ አላችሁ ትላቸዋለች።

የሁለቱ ፊልሞች ልዩነት ያለው እዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ይመስለኛል። በ1968ቱ የሚናገራት ሸሪፉ ነው፤ የገደለው ሕያው ሰው መሆኑን አያውቅም፣ ሊያውቅም አልሞከረም። በ1990ው የምትናገራት ባርብራ ናት፤ የገደለችው ሕያው ሰው መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። አንደኛው ሳያይ ገደለ፤ ሁለተኛዋ አይታ ገደለች።

አብረን ካየነው መካከል ሦስቱ ዳግሙን መረጡ። ሴቷ እንደ ዕቃ ተወርውራ አለመቅረቷን ወደዱ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። የአዛውንቱ ፊልም ባርብራ ድክመት አለባት፤ የቤት ዕቃ እስክትመስል ድረስ ታስቀምጣለች። የዳግሙ ተዋንያንም ይበልጥ የበሰሉ ናቸው። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ምክንያቴ አንድ ነው። ዳግሙ ትምህርቱን በባርብራ አፍ ጮክ ብሎ ይነግረናል፤ ስለዚህ ሰምተን፣ ራሳችንን ነቅንቀን፣ «እውነቷን ነው» ብለን ከአስተዋዮቹ ጎን እንቆማለን። ኩፐርም ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመርረን ስላደረ፣ ስትገድለው ውስጣችን «ይበለው» ይላል። የ1968ቱ ምንም አይነግረንም። ቤን በመስኮት ብቅ ሲል እኛ እናውቀዋለን፤ ሲደክም አይተነዋል። ተኳሹ ግን አያውቀውም። ፊልሙ ፎቶዎቹን እየደረደረ ዝም ሲል፣ በሩቅ ቆሞ ያላወቀውን ሰው ሙት ነው ያለው ማን እንደሆነ ራሳችንን መጠየቅ ይቀርልናል። ጥይት ሲተኮስ መስማት በዚህ ዘመን ለብዙዎቻችን የፊልም ነገር ብቻ አለመሆኑ ደግሞ ጥያቄውን ያከብደዋል።

ይህ ጥያቄ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ሸክላ ሠሪዋና ብረት ቀጥቃጩ ምን ሲባሉ እንደኖሩ ታውቃላችሁ። የሠራችው ድስትና ጀበና በየቤቱ እያለ፣ እሷ ራሷ ግን «ቡዳ» ተብላ ማታ ጅብ ሆና ትዞራለች እየተባለች ተፈራች። ማረሻ የሠራለትን ሰው ዓይኑን እንኳ ሊያይ የፈራ ገበሬ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ስም ከወጣ ማንም ቀርቦ አያጣራም። እኛም የዚህን ቅምሻ እናውቃለን። «ጴንጤ» የሚለው ቃል ዛሬ ራሳችን ብንስቅበትም፣ ሲወጣ የመናቂያ ስም ነበር። ከአባቶቻችን መካከል በስሙ የተነሣ ከዕድርና ከመቃብር ቦታ የተገፉ አሉ። ስለዚህ ሳይታዩ መተኮስ ምን እንደሆነ ከማንም ይልቅ ልናውቅ ይገባን ነበር።

ግን አላወቅንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅብረታችን አብሮን ያገለግል የነበረ አንድ ወንድም መምጣት አቆመ። ልምምድ ቀረ፣ እሁድ ቀረ፣ ስሙም ከአገልጋዮች ዝርዝር ወጣ። «ዓለም ወሰደው» ተባለ። እኔም ብያለሁ። በመንፈስ ሞቷል ያለም ነበር። ወር አልፎ አንድ ሰው ኢንጅባራ ከሰል ሲጭን አየሁት አለ፤ ሲያጨስም አየሁት ብሎ ጨመረ። ወሬው ከዳንግላ ጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ፤ ከእኛ አንዱ ግን ኢንጅባራ አልደረሰም። በሚኒባስ ከሰዓት በላይ የማይወስድ መንገድ ነው።

ያገኘሁት በአጋጣሚ፣ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ነው። ጉም በወረደበት ጠዋት ከአይሱዙ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ በከሰል ጠቁሮ ቶሎ አላወቅሁትም። እሱ ቀድሞ በስሜ ጠራኝ። ሻይ ጠጣን። እናቱ ታማ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ፣ በኋላም ጸሎቱ እንደደረቀበት ነገረኝ። እምነቴ እንደድሮው ነው አላለኝም፤ ላታልላችሁ አልፈልግም። «ሞትክ ሲሉኝ ሰማሁ፤ ሊቀብረኝ የመጣ ግን የለም» አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ፊልሙን ሳይ ጆኒ ትዝ ያለኝ ለዚህ ነው። ባርብራ ቤተ ክርስቲያን አላየሁህም አለችው፤ አስተውላለች ማለት ነው። ለምን ግን አላለችም። እኛም መጀመሪያ ሳናይ፣ በኋላም አይተን ተኩሰናል። የሸሪፉንም የባርብራንም ኃጢአት ሠርተናል። ዳግሙን ፊልም ከመጀመሪያው ባሳንሰውም ያመሰገንሁት በዚህ ነው፤ ማየት ብቻውን እንደማያድን ያሳያል። ባርብራ እነሱ እኛ ነን ባለች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰው ገደለች። እውነቱ በአፏ ነበር፣ ምሕረቱ ግን በእጇ አልነበረም።

ጋሼ፣ ሌላም ያስተማረኝ ነገር አለ። በሁለቱም ፊልሞች ኩፐር ክፉ ሰው ቢሆንም ታማ የተኛች ልጅ አለችው። በመጀመሪያው ፊልም ካረን ትሞትና ትነሣለች፤ ተነሥታም የአባቷን ሥጋ ትበላለች፣ እናቷን ትገድላለች። ይህን ባየሁ ሌሊት ማርቆስ ምዕራፍ 5ን ከፍቼ የኢያኢሮስን ልጅ ታሪክ አነበብሁ። እዚያም አባት አለ፣ እናት አለች፣ የሞተች ልጅ አለች። ጌታ እጇን ይዞ አስነሣት፤ ወዲያው ያዘዘው ደግሞ የሚበላ ነገር እንዲሰጧት ነው። ብዙ ጊዜ አንብቤው ይህችን ትእዛዝ ልብ ብያት አላውቅም ነበር። የሮሜሮ ሙታን ሲነሡ ሌላውን ይበላሉ፤ ጌታ ያስነሣት ልጅ ግን ወላጆቿ የሚያበሉዋት፣ ተርባ ማዕድ የምትቀርብ ልጅ ሆና ተመለሰች። ትንሣኤ ምን እንዳልሆነ የሚያሳይ ፊልም፣ ትንሣኤ ምን እንደሆነ ደግሜ እንዳነብ አደረገኝ። ኤፌሶን 2ም ሙታን የነበርነው እኛው መሆናችንን ያስታውሰናል፤ ሌላውን ሙት ለማለት አፋችንን ከመክፈታችን በፊት ልናነበው ይገባል።

ይህን ስል ሁሉም ሄዶ ይየው ማለቴ አይደለም። ፊልሙ በወጣበት ወቅት አሜሪካ ውስጥ የዕድሜ ገደብ ምደባ ገና በሥራ ላይ አልዋለም ነበርና፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ለቀን ትርዒት አስገብተዋቸው ነበር። ሐያሲው ሮጀር ኢበርት በ1969 መጀመሪያ እንደጻፈው፣ መጀመሪያ ሲጮሁና ሲስቁ የነበሩት ልጆች ወደ መጨረሻው ጸጥ አሉ፤ የሚያለቅሱም ነበሩ። ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አይሆንም፤ ቅዠት የሚያስቸግረው ሰውም ይተወው። ዳግሙ ፊልም ደግሞ ስድብ ይበዛበታል፣ ደሙም በቀለም ነው። ማየት የሚፈልግ የመጀመሪያው ይበቃዋል፤ እሱም ብቻውን ሳይሆን ከወንድሞችና ከእህቶች ጋር ሆኖ፣ ሲያበቃ ለመነጋገር ጊዜ ይዞ። አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብት የሌለው በመሆኑ የሰው ድካም ሰረቅሁ ብሎ የሚጨነቅም አይኖርም። የሁለተኛው መብት ግን ባለቤት አለው፤ ፍላሽ ለፍላሽ ከመገልበጣችን በፊት ይህም ይታሰብ።

ማርቆስ ምዕራፍ 8 ላይ ጌታ በቤተ ሳይዳ ያገኘው ዓይነ ስውር አለ። በመጀመሪያ ሲነካው ሰዎችን እንደሚመላለሱ ዛፎች ነበር ያያቸው። ይህ ሰው አየሁ ብሎ እዚያው ላይ ቢሄድ ኖሮ፣ ጎረቤቱን እንደ ግንድ እያየ ይኖር ነበር። ጌታ ግን ደግሞ ነካው፤ ያን ጊዜ አጥርቶ አየ። ብዙዎቻችን በመጀመሪያው መነካት ላይ ያለን ይመስለኛል። ድነናል፣ እናያለን፤ የምናየው ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ ፊቱ ገና አልታየንም።

ያ ወንድማችን ኢንጅባራ ነው ያለው፤ ወደ ኅብረታችን አልተመለሰም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስታችን ልንሄድ ተስማምተናል። ልንሰብክለት አይደለም፤ እናቱን ልንጠይቅ ነው። ጋሼም ቢመጡልን ደስ ይለናል፤ ሚኒባሱ ከመናኸሪያ የሚነሣው ጠዋት ነው።